ወንድሜ ወንድ ሊያገባ ነው፤ መልሱን እንዴት እናድርገው?

ታላቅ_እህት
ሰላም ቤቶች። እዚህ መድረክ የምገባው አብዛኛውን ጊዜ የጤፍ ዋጋ ለማማረር ነው፤ ዛሬ ግን የሰርግ ጉዳይ ይዤ መጣሁ። ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነው። የሚያገባው ወንድ ነው። ይሁን አይሁን ብላችሁ እንድትፈርዱልኝ አይደለም የጻፍኩት፤ ቀኑ ተቆርጧል፣ ለአዳራሹም ቀብድ ተከፍሏል። ምክር የቸገረኝ አሠራሩ ላይ ነው።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አማቻችን የሚሆነው ልጅ ወላጆቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ናቸው፤ እሱ ዲሲ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ተወልዶ ያደገ ነው። ሽሮ የቀጠነ እንደሆነ “ዛሬ ምን ሆነ?” ብሎ የሚጠይቅ፣ እናታችንን እንደኛው “እማዬ” የሚላት ልጅ ነው።

ወንድሜ ስለ ባህላችን ሲያጫውተው “እኛ ጋ ሽማግሌ ይላካል” ይለዋል። ልጁ ቁም ነገር አድርጎ ያዘው። አክስቱን፣ የሥራ አለቃውንና አንድ ሐበሻ ጓደኛቸውን አስለብሶ ላከ። እማዬ ደግሞ ደንብ አዋቂ ናት። ቡና አፍልታ፣ ዳቦ ቆርሳ፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ “እንግዲህ ሰምተናል፤ ከቤተ ዘመዱ ጋር እንመካከርበትና ሌላ ቀን ተመለሱ” ብላ ሸኘቻቸው። አክስትየው የተከለከሉ መስሏቸው መኪና ውስጥ አለቀሱ አሉ። ሐበሻው “ኧረ የእኛ አገር እሺታ እንዲህ ነው” ቢል ማን ይመነው! በሁለተኛው ነው እማዬ ልጇን የሰጠችው።

አዳራሹ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ በርካሽ ተገኝቶ ነበር። እማዬ “ፍልሰታ ሳይፈታ ከተደገሰ እኔን አትጥሩኝ” ስላለች ወደ ኦገስት መጨረሻ ተገፋ። ቅዳሜ ቃል ኪዳንና ራት ዲሲ፣ እሑድ መልስ እኛ ቤት።

ሙሽራ ሁለት ነው፤ ታዲያ ማን ማንን ሊወስድ ይመጣል? ጥሎሹስ ይቅር ወይስ ይደረግ? ካባ ሁለቱም ይልበሱ? ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ፎቶ ነው፤ ከእንግዶቻችን መካከል በየዓመቱ አዲስ አበባ የሚመላለሱ አሉ። ጋሼ ደግሞ (የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው) “ራት ላይ እመጣለሁ፤ ቃል ኪዳኑ ላይ ግን አልቆምም” ብለዋል። እሺ ልበላቸው?

የፒያሳ_ልጅ
እንኳን ደስ ያላችሁ! አክስትየው መኪና ውስጥ ያለቀሱት ነገር ገደለኝ። እኔም ሳገባ የባለቤቴ ቤተሰብ ሽማግሌዎቼን ሦስት ጊዜ አመላልሰው ነበር፤ ሦስተኛው ላይ አንዱ ሽማግሌ “ለራሴም እንዲህ አልለመንኩ” አለኝ።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ማን ማንን ይውሰድ የሚለው አያስጨንቅሽ። ሁለቱም ጠዋት ከየቤተሰባቸው ይውጡ። ሚዜዎቻቸውን ለሁለት ክፈሏቸው፤ የናንተዎቹ እነሱ በር ላይ ይጨፍሩ፣ የነሱዎቹ እናንተ በር ላይ። በር ላይ ያለው ግፊያና ጭቅጭቅ እንደሆነ ለሰርገኛው ከምግቡም ይበልጣል፤ ሁለት ጊዜ ሲሆን ማን ይጠላል?

ከበሮ_መቺው
የአጃቢ ነገር ከተነሳ ከበሮ እኔ ጋ አለ። ላፍቶፕ ላይ ባለ ከበሮ ሙሽራ አይታጀብም።

አጥናፍ_ዳር
ይቅርታ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም። የፈለገው ይጋባ፣ አገሩ አሜሪካ ነው። ግን ሽማግሌ፣ ካባ፣ መልስ ማለት የአባቶቻችን ወግ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻ የምትለው አንድ ወንድና አንዲት ሴት በተክሊል ሲከብሩ ነው። ለሌላው ለምን የኛን ልብስ ታለብሱታላችሁ? ይህን ስል ማንንም ለመስደብ አይደለም።

አወያይ
የአጥናፍ_ዳር አስተያየት ስድብ ስለሌለበት ይቆያል። ከሥሩ የነበሩ ሁለት መልሶች ግን ተነስተዋል፤ አንዱ እሱን የሰደበ፣ ሌላው ሙሽሮቹ ላይ የዛተ። በዛተው ሰው ሂሳብ መግባት ከዛሬ ጀምሮ አይቻልም።

እትዬ_በለጡ_ቡና
ልጄ አጥናፍ፣ እኔም እንዳንተው ነኝ፤ ቅዳሴ አይቀረኝም። ቤተ ክርስቲያን ተክሊል አታደርግላቸውም፤ እነሱም አልጠየቋትም። እዚህ ላይ ጭቅጭቅ የለንም። መልስ ግን የቤተ ዘመድ ግብዣ ነው። በአገራችን ሳይቆርቡ በሰማንያ የተጋቡት ሁሉ መልስ ተጠርተው፣ ዶሮ በልተው፣ ተሸልመው ሄደዋል። ቄስ ሳይኖር የተደገሰ መልስ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

አንቺ ደግሞ ልጄ፣ ጋሼን እሺ በያቸው። አንድ እግራቸውን ሲያስገቡ ሌላውን ብትጎትቺባቸው ሁለቱንም ይዘው ነው የሚወጡት። ራት ላይ ሲመጡ ከሰው ሁሉ ቀድመው ውሃ በእጃቸው ይፍሰስ፣ ቦታቸው ከእናትሽ አጠገብ ይሁን። ለምን ቃል ኪዳኑ ላይ አልነበሩም ብሎ ማንም አይጠይቃቸው፤ ልጆቹን ዛሬውኑ አስጠንቅቂያቸው።

እናትሽንም ሥራ አታሳጧት። ሰው እንደ እንግዳ ሲያስቀምጣት ነው ሐሳብ የሚበላት። ዶሮውን እሷ ታሠራ፣ ዳቦውን እሷ ትድፋ።

ፍርድቤት_ሰፈር
ወረቀቱን ማንም አላነሳም፤ እኔ ላንሳው። ቃል ኪዳኑ ዲሲ ከሆነ ፈቃዱም የዲሲ መሆን አለበት። ኢንዲያና አቬኑ ላይ ያለው የሱፒሪየር ኮርት የጋብቻ ቢሮ ነው የሚሰጠው፤ ማመልከቻው 35 ዶላር፣ የምስክር ወረቀቱ 10 ዶላር ነው። እንደ ሜሪላንድ 48 ሰዓት ጠብቁ የለም፤ ምስክር አምጡም የለም። ከዘመድ ወይም ከጓደኛ አንዱ ለዚያች ቀን ብቻ ተፈቅዶለት ሊያጋባቸው ይችላል። ዲሲ ከዚህም አልፎ ሙሽሮቹ ራሳቸው ራሳቸውን እንዲያጋቡ ይፈቅዳል። ያጋቢው ስም ፈቃዱ ላይ ስለሚሰፍር ግን ሳያመለክቱ በፊት ይወሰን።

የዲሲ ፈቃድ ይዞ ድንበሩን ተሻግሮ ሜሪላንድ አዳራሽ ውስጥ ቃል የገባ ባልና ሚስት አውቃለሁ። ሰኞ ዕለት ተመልሰው ዲሲ፣ መናፈሻ ውስጥ ቆመው እንደገና ተጋቡ። እናንተ ሰፈር ድንበሩ አንድ መንገድ ስለሆነ ነው የማስጠነቅቀው።

ዲሲ ከማርች 2010 ጀምሮ ይህን ጋብቻ ሲያስፈጽም ቆይቷል። ሜሪላንድ በ2012 ለሕዝብ ድምፅ አቅርባው፣ ሕዝቡ አጽድቆት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀመረች፤ ቨርጂኒያ በኦክቶበር 2014 ተከተለች። ጁን 26 ቀን 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመላው አገር ወሰነ። “ነገ ቢሽሩትስ?” እያሉ የሚጨነቁ አሉ፤ በዲሴምበር 2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ አንድ ግዛት ላይ በሕግ የተፈጸመን ጋብቻ ሌላው ግዛትም የፌዴራል መንግሥቱም እንዲቀበሉ ያስገድዳል። እያንዳንዱ ግዛት አዲስ ፈቃድ እንዲሰጥ ግን አያስገድድም። የተጋባው ተጋብቷል ማለት ነው።

ሽሮሜዳ_ናፋቂ
ካባ ሁለቱም ይልበሱ እንጂ! ሙሽራ ሆኖ ካባ የሌለው ሙሽራ ሚዜ ነው የሚመስለው። ጥልፉ አንድ ዓይነት፣ ቀለሙ ግን ለየቅል ይሁን፤ አለዚያ ፎቶ ላይ መዘምራን ይመስላሉ። ከሽሮሜዳ የምታሠሩ ከሆነ አሁኑኑ እዘዙ፤ ልብሱን ሻንጣው ውስጥ የሚያስገባልሽ መንገደኛ ማግኘት ከስፌቱ ይብሳል።

ታላቅ_እህት
አዝዣለሁ። ሰፊው በዋትስአፕ “የሙሽሪትን ልክ ላኪ” አለኝ። የሁለት ወንድ ልክ ላኩለት። ትንሽ ቆይቶ “እህቴ፣ የሁለት ወንድ ነው የላክሽው፤ መንታ ናቸው?” አለኝ። “አዎ፣ አንድ ቀን ነው የሚያገቡት” አልኩት። አልዋሸሁም።

በር_ዘግቼ
ከባህረ ሰላጤው አገራት ከአንዱ ነው የምጽፈው፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። እኔም “ዜጋ” ነኝ፤ በኛ አነጋገር እንደ ወንድምሽ ማለት ነው። ስለ ፎቶው ልንገርሽ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በ1996ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት አገር ቤት ያሳስራል። ሰርግ በላህ ተብሎ የሚከሰስ የለም፤ ሰው የሚጎዳው ፎቶው ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ስሙና ሰፈሩ ሲጻፍ ነው። ከሥራ የተባረረ፣ ቤት ልቀቅ የተባለ አውቃለሁ፤ ምንም ያላደረገ፣ ከጓደኛው ጎን የቆመ ብቻ።

ስለዚህ ፎቶ አንሺው አንድ ሰው ይሁን፣ ሥራውን ለሙሽሮቹ ብቻ ያስረክብ። በር ላይ ቀይ ሪባን ይዛችሁ ቁሙ። ፎቶ የማይፈልግ እጁ ላይ ያስራል፤ ካሜራውም ሰውም ይህን አይቶ ይዘለዋል። ምክንያት አይጠየቅም። ቃል ኪዳኑ ላይ ስልክ በቅርጫት ይሰብሰብ፤ በቀጥታ ማስተላለፍ የሚባል ነገር አይታሰብ። እንግዳ ስትጠሩም በቫይበር ግሩፕ አትጥሩ፣ አንድ በአንድ ደውሉ።

ሮተርዳም_ማዶ
እኛ አገር ይህ ከመላው ዓለም ቀድሞ የተጀመረ ነው፤ ኤፕሪል 1 ቀን 2001 ልክ እኩለ ሌሊት ላይ የአምስተርዳም ከንቲባ ዮብ ኮኸን አራት ጥንዶችን ማዘጋጃ ቤት ውስጥ አጋቡ። የእኔ ተራ ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው የመጣው። ሆላንድ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ የሃይማኖት ሥነ ሥርዓት የፈለገ ከዚያ በኋላ ያደርጋል። ቢያንስ ሁለት፣ ቢበዛ አራት ምስክር ይጠየቃል። እኔ ምስክር የሚሆነኝ ዘመድ ስላልነበረኝ መጠለያ ካምፕ አብሮኝ የነበረ ኤርትራዊ ፈረመልኝ።

ባለቤቴ ሆላንዳዊት ናት። እናቷ የሐበሻ ሰርግ ምሳ አራት ሰዓት ሙሉ እንደሚፈጅ ስላላወቁ ለዚያው ከሰዓት ሌላ ቀጠሮ ይዘው ነበር! ታላቅ_እህት፣ የሳልቫዶሮቹን ቤተሰብ የቀኑን አካሄድ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚሸለም፣ ገንዘብ ግንባር ላይ ሲለጠፍ እንዳይደነግጡ።

ሐይፋ_ወደብ
እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እስራኤል ውስጥ የአይሁድ ጋብቻ በራቢናቱ (በሃይማኖቱ መሪዎች ቢሮ) እጅ ስለሆነ ለሁለት ሴቶች የሚሆን በር የለም። ራቢናቱን የሸሹ ወንድና ሴት ቆጵሮስ ሄደው ይጋባሉ፤ ቆጵሮስ ግን ለኛ አይሠራም። ካናዳ ሄደው የተጋቡ ወንዶች ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀርበው በ2006 ስላሸነፉ፣ ውጭ ተጋብቶ መጥቶ አገር ውስጥ ጥንድ ተብሎ መመዝገብ ይቻላል። እኔና ባለቤቴ ከሳሎናችን ሳንወጣ በዙም ነው የተጋባነው፤ አጋቢው አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ሆኖ። መጀመሪያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ እንዲህ ያለውን አልመዘግብም ብሎ ነበር፤ በማርች 2023 ፍርድ ቤቱ መዝግብ አለው።

ወረቀቱ ከተጨረሰ በኋላ እናቴ ጎንደር እያለች የተማረችውን ዳቦ ጋግራ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ለምን እንደጠራች ግን ለማንም አልተናገረችም። ሰው በላ፣ መረቀ፣ ሄደ። እስካሁን አንዳንዶቹ የምረቃ ድግስ ይመስላቸዋል።

የፒያሳ_ልጅ
ሐይፋ፣ ታዲያ የመረቁት ሰርግሽን ነው ወይስ ዲግሪሽን?

ሐይፋ_ወደብ
ዲግሪም የለኝም እኮ።

ታላቅ_እህት
ጠፍቼ ነበር፤ ሰርጉ አለፈ። እንዴት እንደሆነ ንገሪን ላላችሁኝ ሁሉ ይኸው።

መጀመሪያ ክፉውን ልጨርስ። የያዝነው ዲጄ የሰርጉ ሳምንት ላይ የሙሽሮቹን ስም ጥሪው ላይ አይቶ ስልክ ማንሳት አቆመ። ቀብዱንም አልመለሰም። የአክስቴ ልጅ ላፍቶፑን ይዞ ገባበት። ሙዚቃው መሀል ላይ ሁለቴ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ገብቶብናል፤ ከዚያ አንዱ ሚዜ በራሱ ካርድ ከፍሎ አስወጣልን። ከበሮ_መቺው (አዎ፣ እዚሁ ያለው) የምር ከበሮውን ይዞ መጣ። እግዜር ይስጥልኝ።

ጠዋት የፒያሳ_ልጅ እንዳለው ነው ያደረግነው። እኛ ኮሎምቢያ ሃይትስ ሄደን በራቸው ላይ ጨፈርን። የልጁ አያት ምን እንደመጣባቸው አልገባቸውም፤ በመስኮት አዩን፣ ከዚያ ትንሽ ሬዲዮናቸውን ይዘው ወጥተው ኩምቢያ የሚባለውን የጭፈራ ሙዚቃቸውን ከፈቱብን። ከበሮውና ኩምቢያው ተጋጩ፣ ኋላ ግን ከበሮ_መቺው ምቱን ያዘላቸው። እንድንገባ የጠየቁን ዋጋ እስክስታ ነበር፤ አያትየው ራሳቸው ትከሻቸውን ሞከሩት። ሰማንያ አልፏቸዋል።

ቃል ኪዳኑ አጭር ነበር። ያጋባቸው ያ ሽማግሌ የተላከው የሥራ አለቃ ነው፤ ለዚያች ቀን አስፈቅዶ። እኛ ጥሎሹን ምን እናድርገው ስንል የልጁ እናት መላውን አመጡት። በነሱ ካቶሊኮች ወግ ሙሽራ ለሙሽራ አስራ ሦስት ሳንቲም ይሰጣል፤ ያለኝ ሁሉ ያንተ ነው ማለት ነው። ሁለቱም ተሰጣጡ። ወንድሜ እጁ ተንቀጥቅጦ አንዱ ሳንቲም ወደቀ፣ ተንከባሎ ወንበር ሥር ገባ። የስድስት ዓመቷ ልጄ በሆዷ ተስባ አወጣችው። እስክታወጣው ድረስ አዳራሹ ሙሉ ቆሞ ጠበቀ። ቪዲዮ የለም፤ ስልኩ ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ነበር።

ቀይ ሪባኑን በተመለከተ፦ በር_ዘግቼ፣ አንተን ነው የማመሰግነው። ጥቂት ሰው ያስረዋል ብዬ ነበር፤ ከሐበሾቹ ግማሽ ያህሉ አሰሩት። መጀመሪያ ከፋኝ፣ አልዋሽም። ኋላ ላይ የልጁ የአክስት ልጆች “የሐበሻ ጌጥ ነው” ብለው እነሱም እየተቀበሉ ማሰር ጀመሩ፤ ፎቶ አንሺው እስኪጠፋው ድረስ! እማዬ ግን አላሰረችም። “እኔን አንሱኝ፤ ወዴት ልሄድ ነው?” አለች።

ጋሼ ራት ሲቀርብ መጡ። እትዬ_በለጡ እንዳዘዙኝ ውሃው መጀመሪያ በእሳቸው እጅ ላይ ፈሰሰ፣ ከእማዬ ጎን ተቀመጡ፣ ማንም ምንም አልጠየቀም። እንዲባርኩ ሲጠየቁ ተነሱ። ማዕዱን ባረኩ፣ የደከመበትን እጅ መረቁ፣ አገራችንን ሰላም ያድርግልን አሉ። ስለ ጋብቻው አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ተቀመጡ። ወንድሜ አንገቱን እንደደፋ ቀረ፤ እኔ ያየሁት ያንን ነው። ወጡን ግን ሁለቴ አስጨምረዋል።

የመረቁትስ የጎረቤታችን እናት ናቸው። በልማድ “ውለዱ፣ ክበዱ!” ሲሉ አዳራሹ ትንሽ ጸጥ አለ። አማቻችን ነው ዝምታውን የሰበረው፤ ከሁሉ ጮክ ብሎ “አሜን!” አለ። ዕልልታው ቀለጠ።

እሑድ መልስ ላይ ካባው በሰዓቱ ደርሶ ነበር፤ የአማቻችን ግን እጅጌው አጥሮበታል። (ልኩን ራሴ ነው የለካሁት፤ ሰፊውን አትውቀሱ።) ዶሮው የእማዬ ነው፤ የሳልቫዶሮቹ አክስቶች ደግሞ ከጎኑ ምጣድ ጥደው ፑፑሳ (ውስጡ የሚሞላ የበቆሎ ቂጣቸው ነው) ጠፈጠፉ። ስማቸውን የማልጠራው ሌላ ሽማግሌ ፑፑሳውን በአዋዜ ሲበሉ አይቻቸዋለሁ። ዳቦው ተቆረሰ። ከዚያ እማዬ እንደ ደንቡ ለአዲሱ ልጅዋ ስም አወጣች። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የቤት ስም ነው። እናቱ በስፓኒሽ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ፣ ሐበሻው ሽማግሌ ተረጎመላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ተነስተው ወንድሜን በነሱ ቤት ስም እንጠራዋለን አሉ። ለሱም ወጣለት።

እትዬ_በለጡ_ቡና
እልልልል! እናትሽን ሳሚልኝ። ጋሼ ማዕዱን ከባረኩ ባርከዋል። ማዕዱ የማን ነበር? የሰርጉ አይደል?

አጥናፍ_ዳር
እትዬ፣ ይህን አልስማማበትም። ሰውየው ጠንቅቀው ያውቃሉ ምን እንደባረኩ። ያልፈለጉትን ቃል አፋቸው ውስጥ አንክተት። በበኩሌ የቆሙበትን ቦታ አክብሬላቸዋለሁ፤ መጥተው ከእህታቸው ጎን መቀመጣቸውንም አክብሬያለሁ። ሐሳቤ አልተለወጠም። ግን እንኳን በሰላም አለፈላችሁ፤ ዲጄው ቀብዱን አለመመለሱ ነውር ነው።

ታላቅ_እህት
አጥናፍ፣ ስለ ጋሼ ያልከው ልክ ነው። እኔም አላባበልኩትም። ወንድሜን ራሱን ብትጠይቀው ምርቃቱ ቀርቶበታል ነው የሚለው።

ምጣድ_ሰፋሪ
ስሜቱን እናንተ ጨርሱት፣ እኔ ወደ ምግቡ ልመለስ። አዋዜ ከፑፑሳ ጋር ሄደ? ውስጡ አይብ ነበር ወይስ ባቄላ? እኛም ሰፈር ብዙ ሳልቫዶሮች አሉ፤ ለልጄ ልደት ልሞክረው ነው።

ታላቅ_እህት
ሁለቱም ነበር። አይብ ያለው ነው ከአዋዜ ጋር የሚሄደው። እነሱ ከጎኑ የሚያቀርቡት የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን አለ፤ እሱን እንዳትተዪ፤ እማዬ ከክትፎ ጋር በልታው አሁን በየሳምንቱ አምጡልኝ ትላለች።

ሚኒሶታ_በረዶ
ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አንብቤ አሁን ነው ሂሳብ የከፈትኩት። እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። ጓደኛዬ ኢትዮጵያዊ ነው፣ አሁን በጎረቤት አገር በስደት ይኖራል። እዚያ መጋባት አንችልም። ሳንጋባ ደግሞ እንዴት ላመጣው እችላለሁ? የጠየቅኳቸው ሰዎች ግማሾቹ “መጀመሪያ ተጋቡ” ይሉኛል፣ የት እንደምንጋባ የሚነግረኝ ግን የለም።

ፍርድቤት_ሰፈር
ጠበቃ አይደለሁም፤ ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው። ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው የእጮኛ ቪዛ ነው፤ ኬ-ዋን ይባላል። የሚያመለክተው የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት፣ ግሪን ካርድ አይበቃም፤ አንተ ይህን አልፈሃል። ከማመልከትህ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል ተገናኝታችሁ መሆን አለበት፤ የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ የሆቴሉን ደረሰኝ አትጣል። እሱ አሜሪካ ከገባ በ90 ቀን ውስጥ ትጋባላችሁ። ላላችሁበት ሁኔታ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ይህ ነው።

ሁለተኛው መጀመሪያ ተጋብቶ የትዳር ጓደኛ ብሎ ማመልከት ነው። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን የሚያየው ጋብቻው በተፈጸመበት ቦታ ሕጋዊ መሆኑን ነው እንጂ የተጋቢዎቹን የትውልድ አገር ሕግ አይደለም። በጁን 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ነው ይል የነበረውን የድሮ የፌዴራል ሕግ ከጣለ ወዲህ ለሁሉም እኩል ነው የሚሠራው። ከአፍሪካ ይህን ጋብቻ የምትፈጽመው ደቡብ አፍሪካ ናት፣ ከ2006 ጀምሮ። ግን ጓደኛህ በስደት ወረቀት ድንበር ተሻግሮ ተመልሶ መግባት ይችል እንደሆነ ሳታጣራ ቲኬት አትቁረጥ። ከዚያ ወጥቶ መመለስ ካቃተው ያለው ከለላም ሊያመልጠው ይችላል። በዙም የሚለውንም ሐይፋ ስለጻፈች ብቻ አትሞክረው፤ ለእስራኤል ምዝገባ የሠራው ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን እንዲሁ አይሠራም። ተጋቢዎቹ አንድ ቦታ ካልነበሩ ከጋብቻው በኋላ በአካል ተገናኝተው አብረው መሆናቸውን ይጠይቃሉ።

የቀረውን በውስጥ መልእክት ጻፍልኝ። ያለበትን ከተማ ስም እዚህ እንዳትጽፍ፤ “ጎረቤት አገር” ያልከውም ይበቃል።

ሚኒሶታ_በረዶ
ላኩልህ። የውስጥ መልእክቱን እይልኝ።